የሀብታሞቹ ደረጃ

ሰውየው አናጢ ነው። አንዲት ጣውላ ከተንጋደደች እንቅልፍ ስለማይወስደው ባልደረቦቹ "ጋሽ ውሃልክ" ይሉታል። በጉልምስናው አንድ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ የሚቀረጽበት አዳራሽ ውስጥ ይሠራ ነበር። ድራማው ገንዘብ ሞልቶ ተርፎት ሰላም ስላጣ ቤተሰብ ነው። አባት ከልጅ፣ ወንድም ከእህት፣ እሳትና ጭድ ናቸው። በተጣሉ ቁጥር አንዱ ይነሳና ያን የሚያብረቀርቅ ደረጃ እየረገጠ ሽቅብ ይወጣል።

ደረጃውን የሠራው ጋሽ ውሃልክ ነው። ተመልካች ላይኛው ፎቅ ስንት መኝታ ቤት ያለ ይመስለዋል፤ ደረጃው የሚያልቀው ግን ከግድግዳው ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ርብራብ ላይ ነበር። "ከእንግዲህ ልጅህ አይደለሁም!" ብሎ የወጣው የበኩር ልጅ እዚያ ቁጭ ብሎ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል። እህቱ እያለቀሰች ትከተለውና እንባዋን ጠርጋ፣ "እስቲ ጠጋ በል፣ ለብቻህ ትበላለህ እንዴ?" ትለዋለች። ምናልባት አንድ ነገር ቢላቀቅ ብሎ ሁልጊዜ ከሥር ለሚቆመው ለጋሽ ውሃልክም ድርሻው ይወርድለታል።

አንድ ቀን ጠቡ ከረረና መላው ቤተሰብ ተከታትሎ ወጣ። በመጨረሻ ያ ግንድ የሚያህለው አባትየው ሲጨመር ርብራቡ ሲጥ አለ። ጋሽ ውሃልክ ዘሎ በትከሻው ደገፈው። ጭንቅ ቢለው ቀረጻውን ረስቶ፣

"ኧረ በፈጠራችሁ፣ ታረቁና ውረዱ!" ብሎ ጮኸ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እሱ ግን "አለቀልኝ፣ ተባረርኩ" ብሎ ላብ አጠመቀው። አዘጋጁ እንባው እስኪወርድ ስቆ፣ "አንዲት ቃል እንዳትነኩ! እንዳለ ይተላለፍ" አለ። ተላለፈም። ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስት ሲነታረኩ ጎረቤት በመስኮት "ታረቁና ውረዱ!" ማለት ለመደ። የጋሽ ውሃልክ ሚስት "ይህን ያለው የኔ ባል እኮ ነው!" ብትል የሚያምናት አልነበረም። "አንቺ ደግሞ!" ይሏታል።

ድራማው ሲያበቃ ደረጃውን እንዲያፈርስ ታዘዘ። መዶሻውን ይዞ ቢመጣ ተዋናዮቹ ርብራቡ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

"ትንሽ ቆይ፣ ጋሼ" አለችው እህት ሆና የምትጫወተው። "አንተም ውጣ እንጂ።"

ያን ሁሉ ዓመት ከሥር ሲቆም ኖሮ፣ ያን ቀን ወጥቶ ከመሃላቸው ተቀመጠ።

ዛሬ ድራማው ሲደገም ሚስቱ በየቀልዱ በሳቅ ትንፈራፈራለች። እሱ ሶፋው ጥግ ሆኖ ዝም ብሎ ያያል። አባትየው እየተቆጣ ሲገባ ብቻ፣ "አይ እሱ! ምን የመሰለ ሰው ነበር መሰለሽ" ይላታል። "ነፍሱን ይማረው።"