የአያ አንዳርጌ ስለት

አንዳርጌ ሱዳን ውስጥ፣ ሾዋክ ከተማ አጠገብ ባለ የስደተኞች መጠለያ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ከመተማ ቆላ ተነስቶ ለሰሊጥ አጨዳ ሀዋታ ሲወርድ ጢም እንኳ አላበቀለም ነበር። እዚያ ስም ያወጣለት ማጭዱ ሳይሆን ጥርሱ ነው። የጆንያ ቋጠሮ በጥርሱ ይፈታል፣ የለስላሳ ጠርሙስ በጥርሱ ይከፍታል።

ጥርሱ ግን እንደ ዝናው አልቆየም። መንጋጋዎቹ እየተቦረቦሩ አንድ በአንድ ሲወልቁ፣ ለአንዳርጌ የፊት ጥርሱና ስሙ ብቻ ቀሩለት። ስሙን ለመጠበቅ ብልሃት ዘየደ። ጠርሙስ ሲያቀብሉት፣ "ስለት አለብኝ፤ ለማርያም ተስያለሁ" ይላል። ሲስቅ አፉን በእጁ ይጋርዳል። ቆሎ ሲዘግኑለት አመስግኖ ኪሱ ይከታል፤ የመጠለያው ፍየሎች ለምን ከኋላው እንደማይጠፉ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ክፋቱ፣ የሰባት ዓመት ልጁ ማሬ አስተዋይ ናት። "አባዬ፣ ስትስቅ ለምን አፍህን ትይዛለህ?" አለችው አንድ ቀን። እውነቱን መናገር ከበደውና፣ "ሰው ፊት አፍ መክፈት ነውር ነው። ጨዋ ሰው ጥርሱን አያሳይም" አላት። ከዚያ ወዲህ ማሬ ስትስቅ በአንድ እጇ፣ ስታዛጋ በሁለት እጇ አፏን መክደን ጀመረች። ጎረቤቱ፣ "አቤት ጨዋነት!" ሲል፣ አንዳርጌ ምስጋናውን ያለ ምንም ኀፍረት ይቀበላል።

እናቷ ዘቢብ ለሰሊጥ አረማ ወደ ሀዋታ ስትሄድ አንድ አደራ ጥላ ነበር። "የጥርስ ሐኪሞች ከገዳሪፍ ለአንድ ቀን ይመጣሉ። የማሬ መንጋጋዎች ገና መብቀላቸው ነው፤ ሳይቦረቦሩ ላያቸውን አስሸፍንልኝ። የእሷም ቆሎ ለፍየል እንዳይሆን።" ሚስት የማታውቀው ነገር የለም።

ቀኑ ደረሰ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ወንበር ተዘረጋ። ሐኪሟ ፊዮሪ የትግራይ ስደተኞች ልጅ ናት፤ ገዳሪፍ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋን በዐረብኛ ታዋዛለች። "የመንጋጋ ላዩ ቦይ ቦይ ነው፤ ስኳር እዚያ ይደበቃል" አለች ለተሰለፉት። "ቦዩን በስስ ሽፋን እንሞላለን፣ በብርሃን እናደርቃለን፣ ኸላስ፣ አለቀ! መርፌ የለም። ግን ጥርሱ ሳይቦረቦር በፊት ነው።"

ማሬ ተራዋ ደርሶ ተቀመጠች፤ አፏን በሁለት እጇ እንደከደነች።

"ያላ ማሬ፣ ክፈቺልኝ።"

ራሷን ነቀነቀች።

"ፈርተሽ ነው?"

"አልፈራሁም። ነውር ነው" አለች በጣቶቿ መሃል።

ልጆቹን የሚያሰልፈው መምህር ሃፍቱ ሳቀ። "ማን አስተማረሽ?"

እጆቿ ሥራ ላይ ስለነበሩ አባቷን በክርኗ አመለከተች።

"ያ ዐም፣ አጎቴ አንዳርጌ፣" አለች ፊዮሪ፣ "መኪናችን ከቀትር በኋላ ይመለሳል። ድጋሚ የምንመጣው ምናልባት ለከርሞ ነው። እስከዚያ እነዚህ መንጋጋዎች ደህና ይቆያሉ ብዬ አልምልም።"

አንዳርጌ ጉሮሮውን ጠረገ። "ክፈቺ ልጄ፤ ለሐኪም ነውር የለውም።"

"አንተ ለሐኪም ትከፍታለህ?"

"እ... እከፍታለሁ።"

"እስቲ ክፈት።"

አንዳርጌ ጠባቂ የሚያስፈልገው ነገር ይኖር እንደሆነ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። በሩ ዝግ ነው። ሀዋታ ትዝ አለው፤ ጠርሙሱ፣ ጭብጨባው። ከዚያ የልጁን ትናንሽ ጣቶች አየ። ዱላውን ዛፉ ላይ አስደግፎ ተንበረከከና፣ ጠበል እንደሚረጩት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን እስከ መጨረሻው ከፈተ።

"ኧረ! ባዶ ጎተራ!" አለች ከሰልፉ አንዲት ልጅ። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

ማሬ ብቻ አልሳቀችም። አጎንብሳ ቀኙን አየች፣ ግራውን አየች። "አባዬ፣ የት ሄዱ?"

"ግማሹ ጠርሙስ ላይ ቀረ። ግማሹን ስኳር በላው።"

"ነውሩስ?"

"ነውሩ የኔ ውሸት ነበር፣ ልጄ።"

ማሬ ትንሽ አሰበች። ከዚያ እጆቿን አወረደችና አፏን በረገደችው።

"ኧረ ይበቃል፣ ጉሮሮሽን አልጠየቅኩሽም!" አለች ፊዮሪ።

አራቱ መንጋጋዎች ታጠቡ፣ ደረቁ፣ ተቀቡ፤ ሰማያዊው ብርሃን በየተራ በራባቸው። ማሬ ከወንበሩ ስትወርድ የጨረሰች እንኳ አልመሰላትም።

እንግዶቹ ዕቃ ሲጠቀልሉ፣ በበሩ ማዶ ሱቅ ያላት ወርቂ ለስላሳ ላከችላቸው። መምህር ሃፍቱ አንዱን ጠርሙስ አንስቶ ዘበኛው ፊት አወዛወዘው። "አያ አንዳርጌ፣ ስለቱ አልተፈጸመም?"

"ስለት የለበትም!" አለች ማሬ አፏን ከፍታ እየሳቀች። "መንጋጋ ነው የሌለው!"

የአንዳርጌ እጅ ወደ አፉ ተነሳች፤ አገጩ ጋ ስትደርስ ምን ልትሠራ እንደመጣች የጠፋት ይመስል ቆመች። ወደ ኪሱ ሰደዳት። ያለ መጋረጃ እየሳቀ ቆሎውን አውጥቶ በልጁ መዳፍ ላይ ገለበጠ።

"ብዪ እንግዲህ፤ መንጋጋ ያለሽ አንቺ ነሽ።"

ማሬ ቆሎውን ቆረጠመችው፣ ከሩቅ እስኪሰማ። አጥሩ ሥር የቆሙት ፍየሎች ብቻ ቅር አላቸው።