ጋሼ ታደለን ማንም አያንሳቸው

«ፊትሽ ቁርጥ የዱርዬ ፊት ነው» አለኝ ሙሉቀን፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

የተዋወቅነው ገና ያን ቀን ነበር። እሱ የአክስቴን ልጅ ሠርግ ሊቀርጽ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን መጥቷል፤ እኔ ደግሞ ወንበሬ ላይ ከተቀመጠብኝ የሙሽራው ዘመድ ጋር እየተጨቃጨቅኩ ነበር። መልሼ ልሰድበው አፌን ስከፍት «አትቆጪ፣ ሥራ ልሰጥሽ ነው» አለኝ። ሠርግ የሚቀርጸው ለእንጀራው ነው። በሚተርፈው ጊዜና ብር ፊልም ይሠራል። የፊልሙ ታሪክ ከጦር ሜዳ የተመለሰ አንድ አዛውንት ወታደር ሰፈሩን የያዙትን ዱርዬዎች ብቻውን እንዴት እንደሚያጸዳ ነው። ሦስት ዓመት ሲሠራው ቆይቶ የቀረው የመጨረሻው ጠብ ብቻ ሆኗል። ለጠቡ ደግሞ አንዲት ሴት ዱርዬ ጎድላዋለች።

እንዲህ ዓይነት ፊልም እንደምወድ ያን ቀን አልነገርኩትም፣ እንዳይኮራብኝ። እዚህ ግን ልናገር። ሰው ይስቅባቸዋል፣ እኔ እወዳቸዋለሁ። ደሙ ከልክ በላይ ቀይ ነው። ቡጢው ከሰውዬው አገጭ አንድ ክንድ ርቆ ያልፍና ድምፁ የብረት በር ተወርውሮ የተዘጋ ያህል ይጮኻል። ግድ የለኝም። ልጅ እያለሁ ከወንድሜ ጋር ሰፈራችን ካለው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቀን እናያቸው ነበር። የሌላው ፊልም ጀግና ጠብ ሲፈልግ ይውላል። የነዚህ ጀግና ግን ጠቡ ሳይጀመር ደክሞታል፣ የሚፈልገው መተኛት ነው። ዱርዬዎቹ አያስተኙትም፣ ፖሊስ አይደርስለትም፣ ስለዚህ ቁጭ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። ክሩን ሲያስር ልቤ ይመታል፣ እስካሁንም።

ከደብረ ብርሃን እስከ ላምበረት

ዓርብ ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። ለእናቴ እውነቱን ነው የነገርኳት፤ መርካቶ ሄጄ ሽማግሌ ልደበድብ ነው አልኳት። «ለራት ትደርሻለሽ?» ብቻ አለችኝ።

ቅጥቅጡ አውቶቡስ እስኪሞላ መናኸሪያ ውስጥ እግሬ ደነዘዘ። የደብረ ብርሃን ብርድ ለማንም አያዝንም። ጫጫን ስናልፍ መስኮቱን በእጅጌዬ ጠረግኩት፤ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል፣ ከየጎጆው ጭስ ይወጣል። ሸኖ ላይ ሾፌሩ ቆመ። ቀኑ ጾም ቢሆንም ከተሳፋሪው ግማሹ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ገዛ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ አዲስ አበባ የተነፈስነው ቅቤ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። በፊልሙ እሞት እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ። እኔ እንጃ አልኳቸው።

«ካልሞትሽማ ምኑን ዱርዬ ሆንሽ?» አሉና የቅቤ ጥቅልላቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ።

ከአለልቱ በኋላ ፀሐይ ወጣች። ሰንዳፋና ለገጣፎ ላይ መኪናው ተጠቅጥቆ እየተንፏቀቅን ላምበረት ገባን። ከዚያ መገናኛ፣ ከመገናኛ መርካቶ። ታክሲ ውስጥ አራት ሆነን በሦስት ሰው ወንበር ተቀመጥን፤ ረዳቱ «እህቴ፣ ትንሽ ጠጋ» ሲለኝ ልጠጋበት የምችለው የሰውዬው ጉልበት ላይ ብቻ ነበር።

ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ረፋድ ላይ

ሙሉቀን አንዋር መስጊድ አጠገብ ጠበቀኝ። በጨርቅ ሱቆቹና በቅመም መደብሮቹ መሀል እየተሽሎከሎክን ወደ ሶማሌ ተራ ሄድን። በየደቂቃው ከኋላ «ዞር በይ» የሚል ተሸካሚ ይመጣል፤ ካልዞርሽ የተሸከመው ፍሪጅ ያዞርሻል። ቀረጻው የሚካሄደው ሁለት ሰው ጎን ለጎን በጭንቅ በሚያልፍበት መተላለፊያ ውስጥ ነው። ግራና ቀኙ የመኪና ዕቃና የቅመም ሱቅ ነው።

የቀረጻው ልጆች ቁርስ ፓስቲና ሻይ ጋበዙኝ። እየበላሁ ዕቃቸውን ተመለከትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፊልሙ ይልቅ በሱ ልቤ ተነካ። ካሜራው የሚሽከረከረው በተሸካሚዎች የእጅ ጋሪ ላይ ነው፤ እንዳይንገጫገጭ ከሥሩ ስፖንጅ አንጥፈውለታል። መብራታቸው ፎይል የተለጠፈበት የቴሌቪዥን ካርቶን ነው፣ ፀሐይዋን ይዞ ፊት ላይ ይመልሳታል። ደሙ የቀይ ስር ጭማቂ ነው፣ እንዳይቀጥን ዱቄት ጣል ተደርጎበታል። የቡጢውን ድምፅ የሚቀዱት በርበሬ የሞላ ጆንያ በዱላ እየመቱ ነው፤ የሚመታው ሰው እያስነጠሰ ስለሚያበላሸው አንዱን ቡጢ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ፈጅቷል። የወታደር ልብስ እንዳሻን የምንለብሰው አይደለም፣ ስለዚህ ከሰልባጅ የተገዛ ካኪ ጃኬት ሻይ ውስጥ ዘፍዝፈው አስረጅተውታል።

ጃኬቱን የለበሱት ጋሼ ታደለ ናቸው። እዚያው መተላለፊያ ጫፍ ላይ ያለ መጋዘን ዘበኛ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ዕድሜያቸውን በሙሉ ወታደር ነበሩ። ቀኝ ጉልበታቸው ከግንባር ጀምሮ ጤና የለውም። ሰኞ ሆስፒታል ገብተው ይቀደዳሉ፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት መቆም አይችሉም። ስለዚህ ጠቡ ዛሬ ካልተቀረጸ የሦስት ዓመቱ ፊልም መጨረሻ የለውም። ይህን የነገረኝ ሙሉቀን ነው፣ ጥፍሩን እየበላ።

እኔ፣ ኢልያስ የሚባል ሸሚዝ ነጋዴና ሌላ አንድ ልጅ ዱርዬዎች ነን። በጽሑፉ መሠረት ጋሼን እንከብባለን፣ እኔ ጉልበታቸውን እመታለሁ፣ ይወድቃሉ። ሱቁ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ በፍርሃት ያያል። ማንም አይደርስላቸውም። ራሳቸው ተነስተው ሦስታችንንም ያነጥፉናል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ወንፊቱ

ሙሉቀን ብልጥ ልሁን አለ። ሰዉ ካሜራ መኖሩን ካወቀ ፊቱ ይቀየራል ብሎ ለባለሱቆቹ ሳይናገር ካሜራውን ጋሪው ላይ በካርቶን ሸፈነው። እኔ ጉንጬ ላይ ጠባሳ ተስሎልኝ፣ ፎይል የተጠቀለለ የካርቶን ጩቤ ይዤ ወጣሁ። ጋሼን ከበብናቸው። ሱሪያቸው ውስጥ የታሰረውን ስፖንጅ መታሁ፣ እሳቸውም ወደቁ።

ከዚያ ምን እንደሆነ በደንብ አላየሁም። አንድ እጅ አንገትጌዬን ይዞ ከመሬት አነሳኝ፤ ኋላ ደምሴ የሚባል ተሸካሚ መሆኑን አወቅኩ። ወዲያው የበርበሬ ወንፊት ጭንቅላቴ ላይ አረፈ። ወንፊቱ የእትዬ ሙኒራ ነው፣ እዚያው ፊት ለፊት ቅመም ይሸጣሉ። በርበሬው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ኢልያስ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እኮ» እያለ ይጮኻል፤ የገዛ ጎረቤቱ ጥፊ እያቀመሰው ነው። እኔ ስለ ፊልሙ ላስረዳ ስሞክር ከማስነጠስ በቀር ከአፌ የወጣ ነገር የለም።

ሙሉቀን ካርቶኑን ገፎ ካሜራውን ሲያሳያቸው ሳቁ። እትዬ ሙኒራ ዓይኔን በጆግ ውሃ አጠቡልኝ። ይቅርታ ግን አልጠየቁኝም። «ልጅቷ ፊቷ አሳሳተኝ» አሉ ለሙሉቀን። ሁሉም ነገሩን ተረድተው በራቸውን ገርበብ ሊያደርጉና ሊፈሩ ተስማሙ።

ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። አሁን ሁሉም ፊልም መሆኑን ያውቃል። ግን ጋሼ ሲወድቁ ከተነጠፈላቸው ካርቶን ወጣ ብለው ስላረፉ ትንፋሻቸው ቁርጥ አለ፣ የወጣቸው የሕመም ድምፅ እውነተኛ ነበር። ደምሴ ሮጠ። የመኪና ዕቃ ሻጩ ሮጠ። ሳላስበው እኔም ጩቤዬን ጥዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። ሙሉቀን ተስፋ ቆርጦ ጋሪው ላይ ተደፋ።

ከዚያ አዛን ተባለ፣ ሥራ ቆመ። ምንጣፉ ከመስጊዱ ጀምሮ መንገዱን ሞልቶ እስከኛ ደረሰ። ኢልያስ የቀይ ስር ደሙን ታጥቦ ሊሰግድ ሄደ። እኛ የቀረነው ደም እንደለበስን መጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀመጥን። በያይነቱ መጣልን፣ በላን። ጋሼ አልበሉም፤ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያሹታል።

ከጁምዓ በኋላ

ኢልያስ ተመልሶ አዲስ ደም ሲቀባ ለሙሉቀን ያሰብኩትን ነገርኩት። ተዋቸው ያንሷቸው፤ ሰፈሩ ተሰብስቦ ዱርዬ ቢያባርር ምን ይጎድልበታል፣ እንዲያውም ያምራል አልኩት። እሱም ይህንኑ ለጋሼ አንስቶላቸው እምቢ እንዳሉት ነገረኝ። ራሳቸውን ጠይቂያቸው አለኝ። ጠየቅኳቸው።

ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ፣ መተላለፊያው መሀል ሄደው ቆሙና ሱቁን ሁሉ በየስሙ ጠሩ። ሰዉ ወጣ።

«ስሙኝማ» አሉ። «ከግንባር የመጣሁ ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሳችሁኝ እናንተ ናችሁ። ሽንት ቤት ሳይቀር። እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ይህን ጉልበት ይከፍቱታል፣ ከዚያ ወዲያ ይታጠፍ አይታጠፍ ሐኪሙም አላወቀ። ዛሬ ግን ይታጠፋል። አንድ ጊዜ ራሴ ስነሳ ብታዩኝ ምናለበት?»

እትዬ ሙኒራ ወንፊታቸውን እንደያዙ ናቸው። «ካልተነሱስ?» አሉ።

«ካልተነሳሁ ትስቂብኛለሽ።»

የሳቀ ግን የለም። እያንዳንዱ ወደ በሩ ተመለሰ። ደምሴ ጎንበስ ብሎ ትልቅ ጆንያ ጀርባው ላይ ጫነ። የት ልታደርሰው ነው አልኩት። የትም አለኝ፣ እጁ ሥራ እንዲይዝ ብቻ ነው።

ጋሼ ቁጭ ብለው የጫማቸውን ክር አሰሩ። ይህ በጽሑፉ ውስጥ አልነበረም፣ ሙሉቀን ግን ቶሎ ብሎ ካሜራውን ከፈተ። ቀና ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ እስካሁን ስትዳብሺኝ ነው የዋልሽው። ምቺ» አሉኝ።

መታሁ። ስፖንጁ ላይ ነው፣ ግን መታሁ። ወደቁ።

መርካቶ ውስጥ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፣ ያን ጊዜ ሰማሁት። ከሩቅ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ እኛ ጋ ግን ምንም። ጋሼ በግራ እጃቸው መሬቱን ገፍተው እስከ ግማሽ ተነሱ። ጉልበታቸው ከዳቸውና ተመልሰው ወደቁ። ይህም በጽሑፉ የለም። ሙሉቀን አላስቆመም። እትዬ ሙኒራ የሻርፓቸውን ጫፍ ነክሰዋል። የመኪና ዕቃ ሻጩ የሱቁን መዝጊያ ብረት ጨብጦ ጣቱ ነጥቷል። ደምሴ ከጆንያው ሥር ላቡ ይንጠባጠባል። ኢልያስ አንድ እርምጃ ሲራመድ እጅጌውን ይዤ አስቀረሁት። አጥብቄ ስለያዝኩት ቁልፉ ተበጠሰ።

ጋሼ ትንሽ አረፉ። ከዚያ የሱቁን ደፍ ያዙ፣ ግራ እግራቸውን አስቀደሙ፣ ቀኙን እየጎተቱ አስከተሉ፣ ቆሙ። ጃኬታቸውን አራገፉ። እኛን አዩን፤ የዓይናቸውን ድካም የትኛውም ቪዲዮ ቤት ውስጥ አላየሁትም። ቀጥሎ ያለው ድብድብ እንደ ደንቡ ነው። ቡጢያቸው ከአገጬ አንድ ክንድ ርቆ አለፈ፣ እኔም እስክሪብቶ በሞላ ካርቶን ላይ ተዘርሬ ሞትኩ። የቅቤዋን እናት እያሰብኩ በደንብ ሞትኩ።

ሙሉቀን የተቀረጸውን በካሜራው ትንሽ መስኮት ሲያሳየን ተደራርበን አየን። በየበሩ የቆሙት ፊቶች ተራ በተራ ያልፋሉ፤ የነከሰ፣ የጨበጠ፣ ያላበው። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያይ በዱርዬ ፍርሃት የተንቀጠቀጠ ሰፈር ነው የሚለው።

እትዬ ሙኒራ ጣታቸውን ካሜራው ላይ አደረጉ። «እኔ ነኝ ይቺ ፈሪ?»

«አዎ፣ እትዬ» አለ ሙሉቀን።

እንደገና እንዲያሳያቸው አዘዙት።

ከላምበረት የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠኝ ጠባሳዬን በጆግ ውሃ ታጥቤ፣ ልብሴን መጋዘኑ ውስጥ ቀየርኩ። እትዬ ሙኒራ በጋዜጣ የጠቀለሉትን በርበሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱ፣ ለእናትሽ ብለው። ሙሉቀን ካሜራውን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሆነ ሰው ጋ ይደውላል።

ጋሼ ታደለ መውጫው ላይ፣ የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። የቀኝ ጫማቸው ክር ተፈትቷል፣ ጉልበታቸው በሱሪው ውስጥ አብጦ ይታያል። ደህና ይሁኑ፣ ሰኞን እግዜር ይርዳዎት አልኳቸው። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሊጨብጡኝ መስሎኝ ያዝኩት፣ እሳቸው ግን አልለቀቁኝም።

«አሁን አንሺኝ» አሉ።

አነሳኋቸው። እስኪቆሙ ጠበቅኩና ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ ታክሲው ሄድኩ።