ለምድር የተቆረቆረው ሰውና የእማማ ፈለቀች ወንበር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ነው። «ምድርን የማይጎዳ ጉዞ» የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ማስታወቂያው ደግሞ ባቡሩም አውቶቡሱም ላይ ስላለ ልረሳው አልቻልኩም። ንዴቱ በርዶልኛል። ከንዴቱ ሥር የቀረው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም፤ የምጽፈውም ለዚያ ነው።

የምሠራው ኤርፖርት ውስጥ ነው። መራመድ የሚቸግራቸውን መንገደኞች በዊልቸር አስቀምጬ፣ ፍተሻውን አሳልፌ፣ እስከ አውሮፕላኑ በር እገፋለሁ። በዚህ አካባቢ ኖሮ ይህን ሥራ ያልሠራ፣ ወይም የሚሠራ ዘመድ የሌለው ሐበሻ ብዙ አይመስለኝም። ወገብ ይጎዳል እንጂ ሥራው ክፉ አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው ግን ኤርፖርት ሳይሆን እዚሁ አቅራቢያችን ባለችው አሌክሳንድሪያ ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በአማርኛ የምናመልክበት አዳራሽ እዚያ ነው ያለው። ከፋሲካ በኋላ የጎልማሶች ኅብረታችን ለሰመር አብረን የሆነ ቦታ ሄደን እንድናርፍ አሰበ። አብዛኞቻችን ነርሲንግ ሆም፣ ፓርኪንግ፣ ታክሲ ላይ የምንሠራ ሰዎች ነን። ዕረፍት ማለት ለእኛ አንድ ቀን ሙሉ መተኛት ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ሲነሳ ሁሉም እንደ ልጅ ደስ አለው። አንዱ ዱባይ አለ። አንዷ በትልቁ መርከብ ካሪቢያንን እንዙር አለች። እማማ ፈለቀች ደግሞ ኢየሩሳሌምን ሳላይ መሞት አልፈልግም አሉ።

እማማ ፈለቀች በርክ የሚባል ሰፈር ከልጃቸው ከሂሩት ጋር የሚኖሩ እናታችን ናቸው። ጉልበታቸው ያብጣል። ከመኪና ወርደው አዳራሹ በር እስኪደርሱ እንኳ ቆም እያሉ ያርፋሉ። እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ድረስ ይሄዱ ነበር። እዚያ አንድ እህት ነበረቻቸው። ከእሷ በቀር ወንድምም እህትም አልቀራቸውም።

ቦታ በመምረጥ እንዲያግዘን ተብሎ የተጋበዘው ወንድም ናትናኤል ነው። ናትናኤል «ግሪን ትራቭል» የሚሉትን ነገር የሚያማክር ሰው ነው። የትኛው አገር ለተፈጥሮ እንደሚጠነቀቅ፣ የትኛው እንደማይጠነቀቅ እየዞረ ያስተምራል። ውሃ የሚጠጣው ከቀርከሃ በተሠራ ኮዳ ነው፤ ኮዳውን ከፍ አድርጎ ሳያሳይ ሲጠጣ አይቼው አላውቅም። ያን ጊዜ እኔም እንደ ሰዉ «እርስዎ» እለው ነበር።

ስክሪኑ ላይ የኮስታሪካን ጫካ፣ የቡታንን ተራራ፣ የስሎቬኒያን ሐይቅ እያሳየ የእኛን ምርጫ አንድ በአንድ ጣለው። ዱባይ በረሃ ላይ የተተከለ ማቀዝቀዣ ነው አለ። መርከቡን የሚንሳፈፍ የጭስ ማውጫ ብሎ ጠራው። ኢየሩሳሌም ላይ ሲደርስ ፈገግ ብሎ፣ ጌታ በልባችን ስላለ እሱን ፍለጋ ነዳጅ ማቃጠል አያስፈልግም አለን። ሰው ሳቀ። እማማም አብረው ሳቁ።

ታክሲ የሚነዳው ወንድም ታደሰ እጁን አውጥቶ፣ ታዲያ ቡታን በምን ልንሄድ ነው ሲል ጠየቀው። ናትናኤል ጥያቄውን አልወደደውም። ዋናው ነገር የመረጥነው ቦታና ንቃታችን ነው፣ ለበረራው ደግሞ በስማችን ዛፍ ይተከላል፣ አለ። ዛፉን ማን እንደሚተክለው፣ የትስ እንደሚተከል አልነገረንም። እኛም አልጠየቅንም። እንግሊዝኛ የበዛበት ንግግር ስንሰማ ዝም ማለት ለምዶብናል።

ስብሰባው ሲያበቃ እማማ ክንዴን ተደግፈው ወደ እሱ ሄዱ። በየዓመቱ ለእህታቸው ሲሉ እንደሚመላለሱ ነገሩትና፣ ይሄም ምድሪቱን ይጎዳል ወይ ብለው ጠየቁት። ጥያቄው ከልባቸው ነበር። ትንሽ አንጀት ያለው ሰው ሂደው እህትዎን ይጠይቁ ብሎ ይገላግላቸው ነበር።

«እማማ፣ ምድርም የእግዚአብሔር ናት» አላቸው እጃቸውን ይዞ። «አንድ ዓመት እንኳ ቢያሳልፉት ትልቅ ነገር ነው። በቪዲዮ ይጠያየቁ።»

ግንባሩን ሳሙት።

እማማ የተማረ ሰው ቃል ያከብራሉ። ሂሩት እንደ ወትሮው ቲኬት ልትቆርጥላቸው ስትል ዘንድሮ ይቅር አሏት። ብትለምናቸውም እምቢ አሉ። ሰመሩን ሙሉ ስልኩን ይዘው ሳሎን ይቀመጡ ነበር። ሆሳዕና ላይ ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ቪዲዮው የእህታቸውን ግማሽ ፊት አሳይቶ ይደርቃል፤ እሳቸውም ለደረቀው ፊት ያወራሉ። የጋራ ጉዟችንም በዚያው ፈረሰ። የጠራነው ቦታ ሁሉ ኃጢአት ከሆነ በኋላ ሌላ ቦታ ለመጥራት የደፈረ አልነበረም።

ሰመሩ አልፎ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ ጠዋት ሥራ እንደገባሁ ሂሩት ኮል አደረገችልኝ። የእማማ እህት በጠና ታማለች፣ እማማ ዛሬ ይበራሉ፣ አደራሽን ወንበር እንዳያጡ፣ አለችኝ።

የዚያን ዕለት ከባልደረቦቼ ገሚሱ አልገባም ነበር፤ ወንበር የሚጠብቀው ሰው ግን ብዙ ነው። የፍተሻው ሰልፍ ተጠማዝዞ መግቢያው በር ደርሷል። ሂሩት መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ ስለነበር እማማን መጠበቂያው ላይ አስቀምጣ፣ ስማ፣ አልቅሳ ተመለሰች። የእማማ ተራ ሲደርስ ወንበሩን ይዤ ሄድኩ። ጫማቸውን ላላ አድርገው እግራቸውን ዘርግተዋል። ልደግፋቸው ጎንበስ ስል ከኋላዬ ሰው መጣ።

ናትናኤል ነበር። ያነክሳል። ለሱፐርቫይዘሬ በእንግሊዝኛ፣ እግሩ አልሄድ እንዳለው፣ በረራውም ሊዘጋ እንደሆነ ይነግራታል። እሷ ተራ ይጠብቁ አለችው። እኔን አየኝና አላወቀኝም። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው እንደሱ ላለው ፊት የለውም። እማማ ግን አወቁት።

«ምን ሆንክ ልጄ?» አሉት ደንግጠው።

«እግሬን ነው እማማ። መቆም አቃተኝ።»

እማማ እጄን ከክንዳቸው ላይ አስለቀቁኝ። «እሱን አስቀድሚው፣ ወይንሸት። እኔ የለመድኩት ነው። ወጣት ሲታመም ያሳዝናል።»

የእሳቸውም ሰዓት እየቀረበ ስለነበር አይሆንም ልል ዞር ስል ሰውየው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ያመሰገነው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቃቸውም። በአንድ ሻንጣ፣ በቀላ ዓይን፣ ብቻቸውን የተቀመጡ ሽማግሌ ሴት ናቸው፤ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር፣ ማየት ብቻ ይበቃው ነበር። እማማን አንድ ጊዜ እመለሳለሁ ብያቸው መግፋት ጀመርኩ።

የሰልፉን ሰው ሁሉ በጎን አልፈን ፍተሻውን ጨረስን። እንደወጣን ስልኩን አውጥቶ ለሆነ ወዳጁ ደወለ። በእንግሊዝኛ ነበር የሚያወራው። ሰልፉ በር ድረስ ነበር፣ ዊልቸር ጠየቅኩ፣ ሁልጊዜ ይሠራል፣ ብሎ ሳቀ። ከዚያ የሚሄደው አንዲት ደሴት ለማየት እንደሆነ፣ ገና ቱሪስት ያላበላሻት ስለሆነች «ንጹሕ መዳረሻዎች» ለሚለው ዝርዝሩ እንደሚፈልጋት፣ ሰኞ እንደሚመለስ አወራ። ለሁለት ቀን መሆኑ ነው። እኔ እንግሊዝኛ የማልሰማ መስሎት ይሆናል። ወይም ብሰማም ባልሰማም ለውጥ የለውም ብሎ ይሆናል። ሁለተኛው ይመስለኛል።

ቆምኩ። ሰው ግራና ቀኝ ያልፈናል። ወደ ኋላ ዞሮ፣ የምሳፈርበት ጌት ገና ነው አለኝ፤ አሁን በአማርኛ ነው።

«ወንድም ናትናኤል፣ ይነሱ» አልኩት። «ወንበሩን እማማ ይፈልጉታል።»

ስሙን ስጠራው ነው መሰለኝ ፊቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እያየን ነው፣ በኋላ እንነጋገር፣ አለ። የወንበሩን ፍሬን ይዤ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ከሥራ ልባረር እንደምችል አውቃለሁ። ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ ተነሳ፣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣለ፣ ሄደ። አላነከሰም። እንዲያውም ፈጠን ፈጠን እያለ ነበር።

ባዶውን ወንበር እየገፋሁ ሮጬ ተመለስኩ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። አስቀምጫቸው እንደገና ያንኑ መንገድ በሩጫ ሄድን። ጌቱ ጋ ስንደርስ ከመንገደኛ አንድም ሰው አልቀረም። በሩን ልትዘጋ የነበረችው ልጅ ከሩቅ አይታን ኖሮ እጇን በሩ ላይ አድርጋ ጠበቀችን። ስሟን አላውቅም። እግዜር ይስጣት።

እማማ ከወንበሩ ሲነሱ ትከሻዬን ያዙና፣ «ያን ልጅ አደረስሽው?» አሉኝ።

«ደርሷል፣ እማማ።»

«ተመስገን» ብለው ገቡ።

ናትናኤል አልተኛም። የታመመ መንገደኛ በሰው ፊት አዋርዳለች ብሎ ከሰሰኝ። ሱፐርቫይዘሬ ሁሉን ከሰማች በኋላ እውነትሽን ነው፣ ግን ማንንም ሰው ምን እንዳመመው መጠየቅም ሆነ ማስነሳት አይፈቀድልንም፣ አለችኝ። ማስጠንቀቂያ ሰጥታ ከጠዋት ፈረቃ አወጣችኝ። ሕጉ ትክክል ነው። ውጭው ደህና መስሎ ውስጡ የሚሰቃይ ስንቱን ገፍቻለሁ። ሕጉ የተሠራው ለእነዚያ ነው፤ እሱ ግን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ተጠለለበት።

እማማ ሆሳዕና ሲደርሱ እህታቸው በሕይወት ነበረች፤ መናገር ግን አቅቷታል። እጇን ይዘው ጥቂት ሰንብተው ቀበሯት። ለፈረንጅ ገና ሲመለሱ አዳራሹ ውስጥ አገኘኋቸው። ሰመር ላይ ሄጄ ቢሆን እንጫወት ነበር አሉኝ፣ ያውም ማንንም ሳይወቅሱ። ቀጥለው ስለ ናትናኤል እግር ጠየቁኝ። የታመመች እህታቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ለእሱም ሲጸልዩ ነው የሰነበቱት። ድኗል አልኳቸው። ሌላ ምን እላቸዋለሁ?

እሱ ዛሬም ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሲያየኝ ራሱን በትንሹ ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል፣ እኔ የበደልኩት፣ እሱ የታገሰኝ ይመስል። ፓስተራችን አንድ ቀን ጠርቶ፣ በወንድም ላይ ቂም መያዝ አይገባም ብሎ መከረኝ። የሆነውን ከመጀመሪያው ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ ቢሆንም ጥላቻ ኃጢአት ነው አለኝ።

በዚህ ላይ ብዙ አስቤበታለሁ። ጥላቻ አይደለም። የምጠላው ሰው ቢሆን ኖሮ ሲያልፍ ልቤ ይመታ፣ እንቅልፍም ያሳጣኝ ነበር። እሱን ሳየው ልቤ አይመታም፣ ሌሊቱንም ደህና እተኛለሁ። ናቅኩት እንጂ አልጠላሁትም። መናቅም ኃጢአት ነው ካላችሁኝ አምናለሁ፤ ንስሐ ግን ገና አልገባሁም።