የአረንጓዴው መጽሐፍ ካርድ

ሃያ ስድስት ዓመት! በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወንበር፣ ከአንድ የእንጨት ሳጥን ጋር ሃያ ስድስት ዓመት! ከትዳሩ ጋር እንኳ ይህን ያህል የሚቆይ ስንቱ ነው? ተማሪዎቹ «እትዬ እሽሽ» ይሏታል፤ ወንበር በተጎተተ፣ እርሳስ በወደቀ ቁጥር ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽሽ!» ስለምትል። መጀመሪያ ስትሰማው ደሟ ፈልቶ ነበር። ኋላ ለመደችው፤ እናቷ ያወጣችላት ስምም ከሠራተኞች መዝገብ በቀር የትም የሚጠራው ጠፋ።

ይህች የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አንድ ሕግ አላት፤ ሕጉን የሚያፈርስባት ደግሞ ገና አልተወለደም። መጽሐፍ የሚዋስ ሁሉ፣ የአምስተኛ ክፍል ሕፃን ይሁን የሒሳብ አስተማሪ፣ ከጀርባው ሽፋን ላይ ከተለጠፈችው ኪስ ካርዷን አውጥቶ በገዛ እጁ ይሞላል። ስም፣ አድራሻ፣ ቀን። አንዲት መስመር ባዶ ከተተወች መጽሐፉ አይወጣም፤ አለቀ። «ያነበብከውን በስምህ አንብብ! የምን መደባበቅ ነው!» ትላለች። ከዚያ መጽሐፉ ከልጁ ጋር ይሄዳል፣ ካርዷ እንጨት ሳጥኑ ውስጥ ትቀራለች። ኮምፒውተር ገብቶ ነበር፤ በሁለት ወሩ ተበላሽቶ ተሸፍኖ ተቀመጠ። ሳጥኑ ግን ይኸው አለ።

በዚህ ሁሉ ዘመን አንዲት ካርድ አልጠፋባትም። ይህንንም ለሰው መናገር ትወዳለች። ምን ይደረግ፣ ሰው መቼም አንድ የሚኮራበት ነገር ይፈልጋል። ጉድ የሠራትም ይኸው ኩራቷ ነው።

ነገሩ በስልክ ነው የጀመረው። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው የአንድ ልብ ወለድ ገጽ ፎቶ አንሥቶ በወላጆች የቴሌግራም ቡድን ላይ ለቀቀው። አረንጓዴ ሽፋን ያለው መጽሐፍ፣ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት። ባሏ የሚደበድባት አንዲት ሴት ልብሷን በሻንጣ ከትታ በር ላይ ቆማለች። በቃ፣ ይኸው ነው! ግን ገጹ ከስልክ ስልክ ሲዞር አንዱ አንድ ነገር፣ ሌላው ሌላ ነገር እየቀጠለበት፣ ሳይመሽ «ትምህርት ቤቱ ሴት ልጆቻችንን ቤት አፍርሱ እያለ ያስተምራል» ተባለና አረፈው።

ሰኞ ጠዋት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ከተፍ አለ። ሰብሳቢው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ሲናገር ጠረጴዛ ይመታል፤ ሲመታም ዓይን ዓይን እያየ ነው። ርዕሰ መምህሩ ደህና ልጅ ነው፤ ክፋቱ ለሁሉም ደህና ልጅ ልሁን ማለቱ ነው።

«ያ አረንጓዴ መጽሐፍ የታለ?» አለ ሰብሳቢው፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ሰው ተውሶታል።»

«ማን?»

«አንባቢ ነዋ!» አለችው እትዬ እሽሽ።

ርዕሰ መምህሩ ሳል ሳል አደረገው። «እትዬ፣ ኮሚቴው መጽሐፉ ከመደርደሪያ ይውረድልኝ ብሏል። ያነበቡትን ልጆች ዝርዝርም ይፈልጋል፤ ለየወላጆቻቸው እንዲነገር። እንዲያው መዝገብ ይኖርዎታል?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ምን ነበረበት! ሌላውን ሁሉ ዝም በል ስትል የኖረች ሴት፣ ለራሷ አንድ ቀን «እሽሽ» ብትል ምን ነበረበት! የለም፣ አፏን ሞልታ፦ «ይኖርዎታል ወይ ይባላል እንዴ? በሃያ ስድስት ዓመት አንዲት ካርድ ጠፍታብኝ አታውቅም! ከፈለጋችሁ የዛሬ ልጆችን እናቶች ካርድ አወጣላችኋለሁ!»

«ግሩም ነው» አለ ሰብሳቢው። «በይ አውጪያ።»

እጇን ወደ ሳጥኑ ሰደደች። ጣቶቿ ቦታውን ያውቁታል፤ ካርዷን ወዲያው አገኟት። ግማሽ ያህል ከሳጥኑ አወጣቻትና የመጨረሻዎቹን መስመሮች አነበበች። ያቺ ዝምተኛ የአሥረኛ ክፍል ልጅ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ በተከታታይ፣ ጠንቀቅ ባለ የእጅ ጽሑፍ። ከልጅቷ ስም አጠገብ የአባቷ ስም አለ። እትዬ እሽሽ የዚያን ስም ባለቤት የት እንደምታውቀው ለማስታወስ ብዙ አልተቸገረችም፤ ፊት ለፊቷ ቆሞ ጠረጴዛዋን እየደበደበ ነው።

መጽሐፉ አሁን በዚህ ሰውዬ ቤት፣ በራሱ ጣሪያ ሥር ነው!

«ምነው? ጠፋ እንዳትዪ ብቻ» አለ፤ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ወደ ሳጥኑ ሊያይ።

ሳጥኑን ጓ አድርጋ ዘጋችው። በዚያው ቅጽበት ደወሉ ተደወለ፤ ተመስገን ነው፤ የሰባተኛ ክፍል መንጋ በሩን በርግዶ ገባ። ርዕሰ መምህሩም ማምለጫ ሲፈልግ ነበርና «በቃ፣ ሐሙስ ስብሰባ አለን። መጽሐፉም ካርዱም ያን ጊዜ ይቅረቡ» ብሎ ሰውየውን ይዞት ወጣ። እትዬ እሽሽ ያን ዕለት እንደ ጉድ ለተንጫጩት ልጆች አንዲት «እሽሽ» አላለችም።

ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት ልጅቷን ከመጨረሻው መደርደሪያ ጀርባ ጠራቻት። ዞር ዞር ብላ አየችና፦ «አንቺ ልጅ፣ ያ መጽሐፍ ቤት ነው?» አለቻት።

ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ። «አባዬ ሰማ እንዴ?»

«አልሰማም። ግን ስታነቢ ቢያገኝሽስ ምን ልትይ ነው?»

«እኔ አይደለሁም የማነበው፣ እትዬ» አለች። «እማዬ ናት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናት ከአራተኛ ክፍል ነው ትምህርት ያቋረጠችው። ባሏ ወደ ሱቁ ሲሄድ ቁጭ ትልና ጣቷን በመስመሩ ላይ እየጎተተች፣ ቃል በቃል፣ ድምጿን እያሰማች ታነባለች። በቀን ሁለት ገጽ፣ ቢበዛ ሦስት። ልጅቷ ሦስት ጊዜ እያሳደሰች የተዋሰችላት ለዚህ ነው። ሲመሽ መጽሐፉ ልብስ መስፊያ መኪናው መሳቢያ ውስጥ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ሥር ይገባል።

«ሴትየዋ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነው ያለችው» አለች ልጅቷ። «እማዬ ‹ትወጣ ይሆን ትቀር ይሆን› ስትል ነው የምትውለው። አርባ ገጽ ነው የቀራት። እትዬ፣ እባክዎ፣ ስሙን ካርዱ ላይ ካየው እሷን ነው የሚገላት። በበጋ እንኳ እጅጌ ረጅም ነው የምትለብሰው፤ አያውቁም እንጂ።»

እትዬ እሽሽ ልጅቷን ልታቅፋት ፈለገች፤ ግን እንዲህ ያለው ነገር አይሆንላትም፤ በምትኩ የሸሚዟን ኮሌታ አስተካከለችላት። «ነገ መጽሐፉን ይዘሽልኝ ነይ። እናትሽንም አይዞሽ በያት። ሌላውን ለኔ ተዪው» አለቻት።

ለኔ ተዪው! አፍ ምን ይሳነዋል! ረቡዕ መጽሐፉ በደብተሮች መካከል ተጠቅልሎ መጣ። እሷም ከሰዓቱን ሙሉ ካርዷን ፊቷ አስቀምጣ ስታፈጥባት ዋለች። ልትፍቃት አሰበች፤ ቀለም አይፋቅም። ሌላ ካርድ ልትሞላ አሰበች፤ በሰው ስም መጻፍ ደግሞ በዕድሜዋ ሠርታው የማታውቀው ነገር ነው፤ እጇ እንቢ አላት። ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀራት። ደግሞ ይህን ወጥመድ ያጠመደው ማን ነው? ሰብሳቢው ነው? የለም፤ እሷ ናት! «በስምህ አንብብ፣ የምን መደባበቅ ነው» እያለች ሃያ ስድስት ዓመት ያጠመደችው እሷው ናት። መደበቅ የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበት ሰው እንዳለ አንድም ቀን አስባው አታውቅም ነበር። ይህ አበሳጫት፣ አሳፈራትም። በመጨረሻ ካርዷን ወደ ሹራቧ ኪስ ከተተቻት።

ሐሙስ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብርጭቆ ሻይ አለ፤ ማንም አልነካውም። አረንጓዴው መጽሐፍ መሐል ላይ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ገልብጦ የጀርባውን ሽፋን ከፈተ፣ ሁለት ጣቱን የካርዷ ኪስ ውስጥ ሰደደ። ባዶ።

«ካርዱስ?»

«የለም» አለች።

«ጠፋ?» ሳቀ። «ሃያ ስድስት ዓመት ያልጠፋ፣ ዛሬ ልፈልገው ስመጣ ጠፋ? ሰኞ እኮ በጆሮዬ ነው የሰማሁት!»

«እትዬ፣ እባክዎ» አለ ርዕሰ መምህሩ፤ ላቡ በግንባሩ ችፍ ብሏል። «አንድ ካርድ እኮ ነው። ነገሩን አናክብደው።»

«አንድ ካርድ ከሆነማ ይቅርባችኋ!»

ሰብሳቢው ተነሣ። «ተመልከት፣ የሆነች ልጅ እየደበቀች ነው። ፊቷ ላይ ያስታውቃል። የማን ልጅ ናት?»

«የሰው ልጅ ናት» አለች እትዬ እሽሽ።

«እንዲያ ነው? እኔ ራሴ ሳጥኑን እበረብረዋለሁ! እዚያም ከሌለ ይቺን ሹራቧን ትፈተሻለች!» ጠረጴዛውን መታው፤ ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። እጁ ወደ እሷ ተዘረጋ።

ያኔ እትዬ እሽሽ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ካርዷን አወጣች። ሁለት ቦታ፣ አራት ቦታ፣ ስምንት ቦታ ቦጫጨቀችና ቁርጥራጩን በሙሉ እፊቷ ባገኘችው ብርጭቆ ውስጥ ደፋችው፤ በማንኪያም አማሰለችው። ብርጭቆው የሰብሳቢው ነበር።

ርዕሰ መምህሩ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ይኸውና» አለች። «አሁን አንዲት ካርድ ጎደለችብኝ። ስም ከፈለጋችሁ የኔን ጻፉ። መጽሐፉን ገዝቼ ያስገባሁት እኔ፣ ያዋስኩት እኔ። አንብቤዋለሁም፤ ሁለቴ!»

ሰብሳቢው ብርጭቆውን አየ፣ እሷን አየ። ሊመታት ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ግን ሰው ፊት ነውና አልመታትም። «አንቺ ሴትዮ እዚያ ክፍል ሁለተኛ አትገቢም!» ብሎ በሩን ደርግሞ ወጣ።

እውነትም አልገባችም። በሰኞው ደብዳቤ ደረሳት፦ «ንብረት ሆን ብሎ በማበላሸት» ከቤተ መጻሕፍት ተነሥታ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆናለች። የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ለስፖርት አስተማሪው ተሰጠ፤ ጉድ እኮ ነው! ያን ሳጥን ስታስረክብ ብቻ ነው ያለቀሰችው፤ እሱንም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው።

ግምጃ ቤቱ ጠመኔ፣ መጥረጊያ፣ እግር የጎደለው ወንበር የሚከማችበት ጠባብ ክፍል ነው። በአራተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ አንድ የታሸገ ፖስታ ይዞ መጣ። «ከአገልግሎት የታገደ ንብረት ግምጃ ቤት ነው የሚቀመጠው፤ መመሪያው እንደዚያ ነው» አለ፤ ዓይኗን እየሸሸ። «የእገዳውን ደብዳቤ ራሳቸው ሰብሳቢው ናቸው የፈረሙት። እትዬ፣ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን እኔ አላየሁም።» ፖስታውን ስትዳብሰው ምን እንደሆነ ገባት። አረንጓዴው መጽሐፍ ተከትሏት መጥቷል።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ወላጆች የልጆቻቸውን ውጤት በሚወስዱበት ዕለት፣ ጠዋት፣ የግምጃ ቤቱ በር ቀስ ተብሎ ተንኳኳ። እጅጌ ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። እትዬ እሽሽ ዓይኖቿን አይታ የማን እናት እንደሆነች ሳይነገራት አወቀች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ» አለች ሴትየዋ ደፍ ላይ ቆማ። «በኔ ምክንያት ነው እዚህ የጣሉዎት። ልጄ ሁሉንም ነግራኛለች።»

«ተዪው እባክሽ! እዚህ የሚረብሽ ልጅ የለ፣ ምን የለ። ግቢ፣ በሩን ዝጊው።»

ከጠመኔ ካርቶኖቹ ጀርባ ፖስታውን አወጣች። ሴትየዋ መጽሐፉን በሁለት እጇ ተቀብላ ካርቶን ላይ ቁጭ አለችና ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ከፈተች። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ጀመረች፤ ቃል በቃል፣ ድምጿን እያሰማች። የእትዬ እሽሽ ጣት በልማድ ወደ ከንፈሯ ሲሄድ መሐል ላይ ያዘችው።

ሁለት ገጽ እንዳነበበች ሴትየዋ ቀና አለች። «ይህን ወስጄ ልጨርሰው። ካርድ የለውም?»

«ካርድ የሚባል ነገር ትቻለሁ» አለች እትዬ እሽሽ ፈጠን ብላ። «የስም ነገር ምን እንዳመጣ አይተሻል። ዝም ብለሽ ውሰጂው።»

«አይሆንም። ሦስቴ ልጄ ናት የፈረመችልኝ። በልጄ ስም ተደብቄ እስከ መቼ? በእርስዎ ሕግ ይሁንልኝ።»

እትዬ እሽሽ ብዙ ተከራከረች። ሴትየዋ ግን ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ከጠመኔ ካርቶን ክዳን ላይ የካርድ ያህል ቆርጣ፣ ሦስት መስመር አስምራ ከነእስክሪብቶው ሰጠቻት። ሴትየዋ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ ቀስ ብላ፣ በትልልቅ ፊደል ስሟን ጻፈች። ከስሟ ቀጥሎ የአባቷን ስም። ቀኑን ጠይቃ ቀኑንም ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶው ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ።

«አድራሻ የሚለውን ባዶ ልተወው፣ እትዬ» አለች። «ሊቀየር ነው።»

እትዬ እሽሽ ካርዷን ተቀብላ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ አጥፋ ሹራቧ ኪስ ውስጥ አስቀመጠቻት።