ብርድ የለመንንበት ታኅሣሥ

እናቴ ብርድን እንደ ሰው ነበር የምትረግመው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርትማችን ዊንተር ሲገባ፣ ጠዋት መስኮቱን ገርበብ አድርጋ ታይና «መጣ ደግሞ ይሄ እርጉም!» ብላ ትዘጋዋለች። እኔ ማሞቂያውን ዝቅ ሳደርግ እሷ ከፍ ስታደርግ፣ በቤታችን ከዚህ ሌላ ጠብ አልነበረም ብል አልዋሸሁም። ይቺው ሴትዮ ተንበርክካ ብርድ ስትለምን አየኋት ብዬ ባወራ ማን ያምነኛል? ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ የመጣው በልጄ ነው። ልጄ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛ ትንሽ ትንሽ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እናቴ ደግሞ ከ«ሃይ» እና ከ«ኖ» ያለፈ እንግሊዝኛ የላትም። አንድ ሶፋ ላይ ሲደባበሱ ይውላሉ እንጂ ወሬ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። እናቴን ይሄ ያንገበግባት ነበር። «የልጅ ልጄን በጥቅሻ አሳደግኳት» ትለኝ ነበር።

ያገናኛቸው ማናቲ የሚባል የውሃ እንስሳ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ፓርክ አለ፤ ምንጭ ከመሬት ፈልቆ ወንዝ የሚሆንበት። ውሃው ውስጥ ካሜራ ተክለውበት ልጄ በስልኳ ታየዋለች። አንድ ምሽት ለአያቷ አሳየቻት። እናቴ ደነገጠች፤ ጣና ዳር ያደገች ሰው ስለሆነች ጉማሬ መሰላት። እኔ መሀል ገብቼ አስረዳሁ፦ ጉማሬ አይደለም፣ የባሕር ላም ይሉታል፣ ማንንም አይነካም፣ የሚበላውም ሣር ብቻ ነው።

«ሌላ ምንም?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ከኛ የባሰች ጿሚ ናት» አለች። ባሕሩ ሲቀዘቅዝ ወደ ምንጩ የሚመጡት ውሃው ሞቅ ስለሚል ነው ስላትማ ጨርሶ ገባት። «ፍል ውሃ ወረዱ በያ! ብርድ የመታው ሰው ሌላ የት ይሄዳል?»

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ጎን ለጎን ተቀምጠው ምንጩ ውስጥ የገቡትን ማናቲዎች መቁጠር ሆነ ሥራቸው። አንዷ «ዋን» ስትል ሌላዋ «አንድ» ትላለች። ሲሳሳቱ ይሳሳቃሉ። እኔ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ዞር ብሎ የሚያየኝም የለ።

ልጄ ሃይ ስኩል የምትጨርስበት ዓመት ሲመጣ፣ ካሊፎርኒያ ያለ ኮሌጅ ልትሄድ ሆነ። እናቴ ወጥ ቤት ጠብቃ ያዘችኝ። «ከሄደች በኋላ በስልክ ምን ብዬ ላወራት ነው? ፊልሙን ሳይሆን ራሱን አብረን እንየው። አብረን ያየነው አንድ ነገር ይኑረን» አለችኝ። ባለቤቴ ከሥራ ኦፍ አላገኘም፤ ትምህርት ቤት በታኅሣሥ ሲዘጋ እኔው ይዣቸው ወጣሁ።

ከማለዳ እስከ ማታ ነዳሁ። የገና ጾም ስለሆነ ስንቃችን በሶና ቆሎ ነው፤ የመኪናዬ ወንበር እስከዛሬ ቆሎ ይወጣዋል። እናቴ ጋቢዋንና ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ይዛለች። ፍሎሪዳ ይሞቃል ብላት መች ሰምታኝ።

እውነትም ይሞቅ ነበር፤ ችግሩም እሱ ሆነ። በማግስቱ ፓርኩ ስንደርስ ሰዉ በቁምጣ ነው። ከውሃው በላይ የተሠራው የእንጨት መንገድ ላይ ቆምን። ውሃው ጥርት ብሎ ከሥሩ ያለው አሸዋ ሳይቀር ይታያል። ማናቲ ግን የለም። የፓርኩ ጠባቂ፣ ሸምገል ያለች ደግ ሴት፣ ሲሞቅ ወደ ባሕሩ ይወጣሉ፣ የሚመለሱት ሲበርድ ነው አለችን። ያን ሁሉ መንገድ ነድቼ የመጣሁት ዳክዬ ለማየት ነው! በሽቄ ቆሎ መቆርጠም ጀመርኩ። የቀረን የነገው ጠዋት ብቻ ነበር። ልጄ ስልኳን ኪሷ ከተተች።

«ምን አለች ሴትየዋ?» አለች እናቴ።

«ካልበረደ አይመጡም።»

እናቴ ቀና ብላ ፀሐይዋን ገላመጠቻት።

ሞቴል ገብተን እራት እንደበላን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ምሥራቅ ዞረች። ጸሎቷን ስታደርስ ቆይታ መጨረሻ ላይ ተንበረከከች። «እመቤቴ፣ ስሰድበው የኖርኩትን ብርድ ላኪልኝ። ለኔ ብዬ አይደለም፣ ለዚች ልጅ ነው። ነገ ብቻ» አለች። ልጄ በእንግሊዝኛ ምን እያለች ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። አያቷን ታውቃታላ! ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላና ሄዳ አጠገቧ ተንበረከከች።

ጠዋት የሞቴሉን በር ስከፍት ብርዱ ፊቴን ጠበሰኝ። ፓርኩ ስንደርስ ወንዙ ላይ እንፋሎት ተኝቶበታል። እናቴ በጋቢ ላይ የልጄን ጃኬት ደርባ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ከእንጨት መንገዱ አጥር ተጠግታ ቆመች። አንቺ ሴትዮ ሳንባሽን ልትመቺ ነው፣ መኪና ውስጥ ግቢ ብላት «ዝም በይ» አለችኝ። ብዙ ቆምን። ከዚያ እንፋሎቱ ውስጥ አንድ ነገር «ፉፍ» ብሎ ተነፈሰ። አፍንጫው ብቅ አለና ተመልሶ ጠለቀ፤ ቀጥሎ ከሥራችን የአንዷ ማናቲ ግራጫ ጀርባ በቀስታ አለፈ፤ ከጎኗ ግልገሏ ተለጥፎባታል። ከኋላዋ ሌሎችም መጡ።

«ገቡ» አለች እናቴ።

«ገቡ» አለች ልጄ፣ በአማርኛ።

እናቴ የልጄን እጅ ጥብቅ አድርጋ እንደያዘች ወደ ውሃው ጎንበስ ብላ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለቻቸው፣ ቤቷ እንግዳ የገባ ይመስል። እኔ ብርዱ ነው ብዬ አፍንጫዬን ጠረግሁ።

ልጄ መስከረም ሳይጠባ ሄደች። ከዚያ ወዲያ እናቴ በብርድ ጠዋት መስኮቱን ገርበብ አድርጋ መራገሙን ተወች። ስልክ ደውይልኝ ትለኛለች። «ገቡ?» ትላለች ለልጄ። ልጄም እዚያው አልጋዋ ላይ ሆና ካሜራውን ከፍታ «ገቡ፣ እማማ» ትላታለች። ከዚያ ይቆጥራሉ። ወሬያቸው ይኸው ነው፤ አንዳንዴ ግን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አይጨርሱም ነበር።

እናቴ አምና ዐረፈች። ዘንድሮ የመጀመሪያው ብርድ የገባ ዕለት ጠዋት፣ ማሞቂያውን ልቀንስ ተነሣሁና የሚጣላኝ ሰው እንደሌለ ትዝ አለኝ። እሷ በምታደርገው ልክ ከፍ አድርጌ ቆምኩ። ስልኬ ጮኸ፤ ልጄ ናት።

«ማሚ» አለችኝ፣ «ገቡ።» ቀጥላም «የእማማን አንቺ ቁጠሪልኝ» አለች።

በእናቴ ቦታ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዋን» አለች።

«አንድ» አልኳት።