ጌጧ የተፋቀባት ብር

ከሐረር የወጣሁት የጁገል ግንብ በሮች ሊዘጉ ሲሉ ነው፤ ግመለኞቹ ከፈላና በር ውጭ ስለሚያድሩ አብሬያቸው ላድር። እስከ በሩ የሸኙኝ ጎረቤታችን አይ ዘይነባ ናቸው፤ ስፌት ሸጠው የሚያድሩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ «አይ» የምለው እሳቸውን ነው፤ በቤታቸው ቋንቋ እናት ማለት ነው። አንድ ጠገራ ብር እጄ ላይ አኖሩ።

«ይቺን እዚህ የሚቀበላት ጠፋ። ባሕር ማዶ ከሠራች በሚሠራ ገንዘብ ለውጠህ ላክልኝ። ጣሪያዬ እንደሚያፈስ ታውቃለህ።»

ያቺን ብር ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ። የከተማው የራሱ ገንዘብ፣ መሐለቁ፣ በየሳምንቱ ይረክስ ነበር፤ ከሸዋ እስከ ዓደን የሚሠራው ጠገራ ነው ተባለና ሁሉም ወደ እሱ ሮጠ። እኔ ፊደልን ብቻዬን ለይቼ ግጥም የምጽፍ የወታደር ልጅ ነኝና የሰፈሩ ሴቶች ያምኑኛል። መሐለቃቸውን ይዤ ፈረስ መጋላ ገበያ ካለው መንዛሪ ዘንድ ወሰድኳቸው፤ እሱም በየሰው ጉርሻ ሰጠኝ። የመንገድ ስንቄ ከዚያ ነው። ይህን አልነገርኳቸውም።

ጠገራው መጣ፤ ሽንኩርት ራቀ። በመሐለቅ እፍኝ ሽንኩርት ይገዛ ነበር፤ ለጠገራ መልስ ያለው ጉልት ግን የለም። ለሠርግና ለሐዘን የሚሰባሰቡት የአፎቻ ሴቶች አምስት እየሆኑ ባንድ ብር ሸምተው በእፍኝ ይካፈሉ ጀመር፤ ጨው የፈለገችውም በርበሬ ይደርሳታል። የአይ ዘይነባ ብር ግን ለዚህም አልበቃችም። ያገራችን ሰው ብር ሲቀበል እላዩ በተቀረጸችው ሴትዮ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ፍሬ ይቆጥራል፤ ከተፋቀ እጁን ይሰበስባል። የእሳቸው ተፍቆ ነበር። መንዛሪው ሲሰጣቸው አይቼ ዝም አልኩ።

ባሕሩን ተሻግሬ ዓደን ገባሁ። እዚያ ውኃ በግመል ተጭኖ ይሸጣል፤ ዓሣ ዓሣ ይላል። የቤት ኪራይ ስጠየቅ የቀረችኝ የእሳቸው ብር ብቻ ነበረች። በተሰባበረ ዓረብኛ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ጌጧ ተፍቋል ብዬ። አከራዬ ከጎረቤቱ ጋር ተያይተው ሳቁ።

«ልታገባት ነው? ጌጧን ማን ጠየቀህ?»

ሚዛን ላይ ጣላት፤ ክብደቷ ሙሉ ሆነ። የተረፈውን አና በሚሉት ዝርዝር መለሰልኝ። ዳቦና ዓሣ በላሁበት።

እዚህ ዝናብ የለም። ጣሪያ የሚያፈስበትም ሰው የለም። ሐምሌ ሲገባ ግን ደረቁን ሰማይ እያየሁ እንቅልፍ አጣለሁ።

አንድ ቀን ከሐረር የመጣ ነጋዴ የአይ ዘይነባን ቃል አመጣልኝ። «ብሯ ካልሠራችልህ አትዘን በሉት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ፍሬውን ሳልቆጥር ተቀበልኩ።»

ከዚያ ወዲህ ወደብ ላይ ከረጢት ተሸክሜ ፍሬዋ አንድም ያልጎደለ ብር አገኘሁ። የሐረር መንገድ ወደሚነሣበት ወደ ዘይላ ወደብ የሚሻገር ሰው ባገኘሁ ቁጥር ይዣት እወርዳለሁ፣ ይዣት እመለሳለሁ። ብቻዋን ብትሄድ ጣሪያው ይጠገናል፤ ጥፋቱ ግን የእሳቸው እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ደብዳቤ ያስፈልጋታል። ሰላምታውን ብቻ ጽፌ ካቆምኩ ሁለት ክረምት አለፈ።