በሽቦ የታሰረው መንጋጋዬ

ዛሬ ጠዋት እናቴ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋችብኝ። ሰማንያ አምስት ዓመቷ ነው። ካመማት ወዲህ ሐኪሙ ወተት ትጠጣ ብሏል፤ እሷ ደግሞ በሁዳዴ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። ኩባያውን እንደያዝኩ አገጬ ሥር ያለችውን ጠባሳ ዳሰስኩና ሳቄ መጣ።

የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ፣ በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት፣ ከእንጦጦ ራጉኤል ቁልቁል በብስክሌት ስበር ፍሬኑ እምቢ አለኝ። የረገፈው የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ያንሸራትታል። ድንጋይ ላይ በአገጬ ወደቅሁ፤ መንጋጋዬ ሁለት ቦታ ተሰበረ። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ አገጬን ከፍቶ አጥንቱን ገጠመና የላይና የታች ጥርሴን በሽቦ አንድ ላይ አሰረው።

"ስድስት ሳምንት መናገርም ማላመጥም የለም። ወተትና የእንቁላል ሾርባ በስትሮ ትስባለህ" አለኝ።

እማዬ "እሺ የኔ ጌታ" አለችውና ወሰን ሰፈር ያለው ቤታችን ስንደርስ የተልባ ውሃና ቀጭን አጥሚት አቀረበችልኝ። እኔም ግትር ነኝ፤ ደብተር ላይ "ጾሜን አልሽርም!" ብዬ በትልቁ ጻፍኩላት። ሁለታችንም የጸደቅን መሰለን። ሰፈሩን በወሬ የማምስ ለፍላፊ ነበርኩና ከረሃቡ ይልቅ ዝምታው ገደለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሙ አገጬን ነካክቶ ፊቱ ጠቆረ። "ሰውነትህ አልቋል፣ አጥንቱም አልያዘም። በዚሁ ከቀጠልክ እንደገና መክፈታችን ነው፤ ያኔ አፍህ ጠማማ ሆኖ ሊቀር ይችላል።" እማዬ እዚያው አለቀሰች። እኔም በጣም ፈራሁ።

በማግስቱ የንስሐ አባታችንን ይዛ መጣች። አባ ደብተሬን አንብበው ሳቁ።

"ልጄ፣ ያንተ ጾም ምላስህ ነው፤ እሱን ደግሞ ሐኪሙ አስሮልሃል። በል ጠጣ፣ ፈቅጃለሁ።"

ወተቱን ራሳቸው ቀድተው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ኩባያውን የምትይዝልኝ እማዬ ነበረች፤ ጿሚ ናትና ሽታው እንዳይፈትናት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ሽቦው የተፈታው በፋሲካ ሰሞን ነው። ሐኪሙ "ጥርስህን ግጠም" ሲለኝ የላዩ ከታቹ ጋር ልክክ አለ። "እማዬ" አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። እልልታዋ ኮሪደሩን አናጋው።

አባ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆናቸው። ያን ጊዜ የማስበው ስለ መንጋጋዬ ብቻ ነበር፤ ፊቷን አዙራ የቆመችበት ጊዜ ምን ያህል እንደከበዳት የገባኝ ዛሬ ኩባያውን በተራዬ ስይዝላት ነው።

"ለእኔ ለጎረምሳው የፈቀዱ አባ፣ ለአንቺ ይከለክሉ ነበር?" አልኳት።

እማዬ ትክ ብላ አየችኝ።

"እንግዲያስ አንተ ምላስህን ጹምልኝ" አለችና ከንፈሯን ከፈተች።

ጠጥታ እስክትጨርስ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።